ሁለት ሹፌር ባንድ መሪ

ስደተኛን ኮምፒውተር ማስተማር ምን ይመስላል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ፣ «ይደክማል» ነው የምለው። ጠያቂው ቅር ይለዋል። ስለ ተስፋ፣ ስለ ነገ ምናምን እንዳወራለት ይጠብቃል። እኔ ራሴ ስደተኛ ነኝ፤ ጣሪያው በሚያንጠባጥብ፣ ግማሹ ኮምፒውተር አልነሳም በሚልበት አዳራሽ ቀኑን ሙሉ ስጮህ የምውል ሰው ነኝ። ሲመሽ ለራሴ ልጆች የሚተርፍ ድምፅ የለኝም።

ጋሽ ሹፌር የመጡት እንዲህ ሰልችቶኝ በነበረ ጊዜ ነው። ሁላችንም በዚህ ስም ነው የምንጠራቸው። አገራቸው ሳሉ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ረጅም መንገድ በሚሄድ አውቶቡስ መሪ ላይ ነው። ጸጉራቸው ሸብቷል፣ ወገባቸው እሺ አይላቸውም፣ ማውሱን እንደ ማርሽ ጨብጠው ሲገፉት ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። «ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ዳገት አይደለም» ስላቸው፣ «ያንቺ መኪና ነው ማርሽ የማይቀበለው» ይሉኛል።

አብራቸው የወንድማቸው ሚስት ትማር ነበር። ወንድምየው በስደት መንገድ ላይ ሞቷል፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዘው እዚህ የደረሱት እሳቸው ናቸው። የሚኖሩት አከራያቸው ሲሚንቶ በሚያከማችበት ክፍል ውስጥ፣ በመጋረጃ ከፍለው ነው። ትንሿ ልጅ አቧራው ደረቷ ውስጥ ገብቶ ስታስል ታድራለች። ከዚያ ክፍል መውጣት ነበር የሁለቱም ሐሳብ። ሌላ ነገር ሲመኙ ሰምቼ አላውቅም።

የምናስተምረው ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። ሩቅ አገር ያለ ድርጅት የመንገድ ፎቶ በኢንተርኔት ይልካል፤ ሠራተኛው በእግረኛው፣ በመኪናው፣ በመብራቱ ዙሪያ ሳጥን እየሳለ ይመልሳል። ያለ ሹፌር የሚሄዱ መኪኖች መንገድ የሚለምዱት በዚህ ነው። ይህን ስነግራቸው ጋሽ ሹፌር ከት ብለው ሳቁ። «እንግዲያ የገዛ ጉድጓዴን ቆፍሬ ሊከፈለኝ ነዋ!»

ፈተናውን ሁለቱም አለፉ። ድርጅቱ የእሳቸውን መታወቂያ ተቀበለ፤ የእሷ ግን ገና በሂደት ላይ ነው ተባለ። ሂደት የሚሉት ነገር ደግሞ ለስደተኛ መጨረሻ የለውም። እናም አካውንቱ በእሳቸው ስም ተከፈተ፤ ከማስተማሪያ ማዕከላችን ያገለገለ ላፕቶፕ ወስደው እቤታቸው ሆነው መሥራት ጀመሩ። አካውንት ለሰው እንደማይሰጥ ለክፍሉ ሁሉ አፌ እስኪደርቅ ተናግሬያለሁ። ጋሽ ሹፌርም እንደ ሌላው ሁሉ እሺ ብለው ራሳቸውን ነቅንቀዋል።

ውለው አድረው የምሥራች ይዘው መጡ። ድርጅቱ ሥራቸውን ወዶታል፤ የሌሎችን ሥራ የሚያርም ቋሚ ሠራተኛ ሊያደርጋቸው ፈልጓል። ከዚያ በፊት ግን በቪዲዮ ሊያነጋግራቸው ነው። ቋሚ ደሞዝ ላለው ሰው ደህና ቤት የሚያከራይ አይጠፋም። «አንቺ ታስተረጉሚልኛለሽ» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ከልቤ ደስ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ካስተማርኳቸው ላንዱ እንኳ ሊያልፍለት ነው ብዬ።

በቀጠሮው ቀን፣ ኢንተርኔቱ ይሻላል ብለው እኛ አዳራሽ መጡ። ሸሚዛቸው በወጉ ተተኩሷል። የወንድማቸው ሚስት ካሜራው የማያያት ቦታ መርጣ፣ በሩ አጠገብ ቆመች። ስጨብጣት እጇ በረዶ ሆኗል። ለእሳቸው ፈርታ መሰለኝ።

ከስክሪኑ ማዶ ያለችው ኃላፊ ፈገግታ የማይለያት ወጣት ናት። ሥራቸውን አመሰገነችና፣ «ከጠዋት እስከ ማታ ሲሠሩ ይውላሉ፤ ጥራቱ ደግሞ ዝቅ አይልም። እንዴት ቻሉት?» አለች። ተረጎምኩላቸው።

ጋሽ ሹፌር ደረታቸውን ነፉ። «ብቻዬን መቼ ሆኜ! ረጅም መንገድ እኮ ባንድ ሹፌር አይኬድም። ጠዋት እኔ እይዛለሁ፣ ከሰዓት እሷ ትረከበኛለች። ደግሞ እውነቱን ንገሪያት፣ ከእኔ እሷ ትበልጣለች።»

ክው አልኩ። ዞር ብዬ በሩን ሳይ፣ ሴትየዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ራሷን ትነቀንቃለች። እንዳትነግሪ ማለቷ ነው። ያ ክፍል፣ ያቺ ልጅ፣ ያ ሳል መጣብኝ። «ቤተሰቦቼ ያበረታቱኛል፣ በደንብም አርፋለሁ ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቅጥፈት በእንዲህ ያለ ፍጥነት ወጥቶኝ አያውቅም። ኃላፊዋ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። አለፈ ብዬ ተነፈስኩ።

ጋሽ ሹፌር ግን ስንት አገር ያቋረጡ ሰው ናቸው፤ ቋንቋውን ባያውቁት ፊት ያነባሉ።

«ሁለት መሆናችንን ነገርሻት?» አሉኝ።

ዓይኔን ከስክሪኑ አላነሳሁም። እሳቸው ሁለት ጣታቸውን ለካሜራው አሳዩና ወደ በሩ ዞሩ። «ነይ እንጂ! ምን ያሳፍርሻል? ይዩሽ!» ሄደው እጇን ጎትተው አምጥተው ወንበራቸው ላይ አስቀመጧት። ከዚያ ከእኔ በለቃቀሟት ቋንቋ፣ «እሷ ጎበዝ። እኔ ትንሽ፣ እሷ ብዙ» አሉ።

ኃላፊዋ ሁለቱንም በትሕትና አመሰገነች። በማግስቱ አካውንቱ ተዘጋ።

ላፕቶፑን ይዘው ሁለቱም መጡ። መልእክቱን አነበብኩላቸው፦ ደንብ ተጥሷል፣ ይግባኝ የለም። «እስቲ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት።

«አካውንት ለሰው አይሰጥም አላልኩም?» ብዬ ጮህኩባቸው። በሽማግሌ ላይ መጮህ ነውር እንደሆነ አጥቼው አይደለም።

«ለማን ሰጠሁ? የወንድሜ ሚስት እኮ ናት!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እኛ ዘንድ ተቀያሪ ሹፌር ጎበዝ ከሆነ አለቃ ይየው ይባላል። ካየው የራሱን መኪና ይሰጠዋል። እኔም የመጀመሪያ መኪናዬን የያዝኩት እንደዚያ ነው። ካዩዋት ለእሷም የራሷን አካውንት ይከፍቱላታል ብዬ…»

በክፋት አድርገውት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

የወንድማቸው ሚስት ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች፣ ገመዱን በሥነ ሥርዓት ጠቅልላ አጠገቡ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ እዩኝ አላልኩም» አለች። «ልጄን ከዚያ አቧራ ላውጣት ነው ያልኩት።» አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ወጣች።

ጋሽ ሹፌር ባሉበት ቀሩ። የከሰዓት ተማሪዎች መግባት ጀምረው ነበር።

«መምህር» አሉኝ፣ «ይቅርታ በነሱ ቋንቋ እንዴት ነው የሚባለው?»

«ከእንግዲህ አይሰሙዎትም ጋሼ። ይልቅ ለእሷ ይንገሯት፤ በራስዎ ቋንቋ።»

«እሱ ነው እኮ የከበደኝ» አሉ። «ወንድሜ አደራ ካለኝ ወዲህ፣ ይዣቸው ስመጣ፣ አንድም ቀን መንገድ ስቼ አላውቅም ነበር።»