ጆሮና ነዳጅ የምትጨልጠው መኪና

በጋራዦቹ ሰፈር ሰውየውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ጆሮ» ነው የሚሉት። ሞተር ያስነሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ ያዳምጥና «ሦስተኛው ካንዴላ ነው» ይላል። ሲፈታ፣ እውነትም ሦስተኛው ካንዴላ ነው። ሠላሳ ዓመት የኖረው በዚህ ነው። ደንበኛ «እንዴት አወቅህ?» ሲለው «ሰማሁት» ይላል፤ ጉራው ደግሞ አይጣል ነው።

ይህ ሰው በአማቹ፣ በሴት ልጁ ባል፣ መኪና መላ ቅጡ ጠፋው። አማቹ ፍጥነት ይወዳል፤ ደህና የነበረችውን መኪና፣ አየር ወደ ሞተሯ የሚገፋውን ቱርቦ አስወልቆ ትልቅ አስገጠመላት፣ የአየር ቱቦዎቿንም ግማሹን አስቀየረ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ነዳጅ ትጨልጣለች። ሞልተዋት ሳምንት ትሄድ የነበረችው አሁን በአራተኛው ቀን ማደያ ደጅ ተሰልፋ ትገኛለች። የጭስ ማውጫዋ አፍ ጥላሸት ለብሷል፤ ነዳጁ ከአየሩ በዝቶ በቅጡ ሳይቃጠል እየወጣ ነው ማለት ነው። ጆሮ «በአንድ ቀን አገኘዋለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናገረ። ያውም በገዛ ልጁ ፊት።

ይኸው ሦስተኛ ቀኑ። ካንዴላዎቹን ቀየረ፣ የአየር ማጣሪያውን አራገፈ፣ አየር የሚለካውን ሴንሰር ለወጠ፣ ፍሬኑ ጎማ ይዞ እንደሆነ ብሎ አራቱንም ጎማ አንስቶ አሽከረከረ። ምንም። አርፎ መቀመጥ አቃተው። ካቻቢቴ ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ መልሶ ያንኑ ያነሳል። ጎረቤቱ ቀጥቃጭ «ቱቦዎቹን ሳሙና ቀባቸውና አረፋ ካለ እይ» ቢለው፣ «ሳሙና ጆሮ ለሌለው ነው!» ብሎ ጮኸበት። ቱቦዎቹን በመጀመሪያው ቀን አዳምጧቸዋል፤ ንጹሕ ናቸው።

በቀትር ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ረስቶት የወጣውን ምሳ ይዛለት መጣች። እሱ ሌላ የሚሞክረው ቢያልቅበት ያንኑ የመጀመሪያ ቀን የቱቦ ፍተሻ እየደገመ ነበር። የቱርቦውን አፍ በክዳን ደፍኖ በኮምፕሬሰር አየር ሞላበትና ኮምፕሬሰሩን አጠፋ። ቀዳዳ ካለ አየሩ ሲያመልጥ ያፏጫል። ጎንበስ ብሎ አዳመጠ።

«ንጹሕ ናት» አለ፣ ቀና ብሎ።

«ምኗ ነው ንጹሕ? ይሄ የሚያፏጨው ምንድነው ታዲያ?» አለችው ሚስቱ።

«የቱ?»

«አንተ ደግሞ፣ በዚህ ሰዓት ቀልድ አማረህ? ጆሮዬን እየበሳው እኮ ነው!» መርፌ ባጠቆረው ጣቷ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ጎማ ቱቦ አሳየችው። «እዚያች ጋ ነው።»

ጉንጩ ቱቦውን እስኪነካ ድረስ ተጠጋ። ቀዝቃዛ ነፋስ ጉንጩን ዳሰሰው። ድምፅ ግን የለም። ሳሙና በጥብጦ ሲያፈስበት አዲሱና አሮጌው ቱቦ በሚገናኙበት ማሰሪያ ሥር አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ሴንሰሩ መግቢያው ላይ የቆጠረው አየር እዚህ ያመልጣል፤ ነዳጁ ግን በተቆጠረው ልክ ይረጫል። መኪናዋ ነዳጅ የምትጠጣው ለሌለ አየር ነበር።

ማግኘቱ ግን አላስደሰተውም። ፈራ። ይህን ቀጭን ፉጨት ካልሰማ፣ እስከ ዛሬ ስንቱን ሳይሰማ ቀርቷል? ስንቱን መኪና «ንጹሕ ናት» ብሎ ሸኝቷል? ምሳውን ከፍቶ ሳይቀምስ ከደነው። ማሰሪያውን ቀይሮ አጠበቀ።

በዘጠኝ ሰዓት አማቹ መጣ። ኮፈኑ ተዘግቶ ገና ከማየቱ «አባባ፣ አገኙት እንዴ? እንዴት አወቁ?» አለ።

ምላሱ በልማዱ ሊቀድመው ነበር። እስኪጨርስ ስትጠብቀው የቆየችውን ሚስቱን አየ። እሷ የምሳ ዕቃውን በጨርቅ መጠቅለል ይዛ ቀና አላለችም፤ ቢዋሽ እንደማታጋልጠው ገባው።

«እሷ ናት የሰማችው» አለ። «እኔ አልሰማሁትም።»

ወደ ቤት አብረው ሲሄዱ መንገድ ላይ ቆም አለ። ከዚያ፣ «እኔ የማልሰማው ሌላስ ምን ትሰሚያለሽ?» አላት።

«ኧረ ተወው።»

«ንገሪኝ ስልሽ!»

«የግቢው በር» አለች፣ ቀስ ብላ። «ይጮሃል።»

ዓመት ሙሉ የተጣሉበት በር ነው። እሷ ይጮሃል ስትል እሱ ከፍቶ ዘግቶ «ነገር ስትፈልጊ ነው» ይላት ነበር። የሰው መኪና ሲያባብል የሚውል ሰው ለገዛ ቤቱ ጠብታ ዘይት ነፈገ ብላ ስንት ቀን አኩርፋዋለች። ይህን ሲያስበው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ቤት እንደደረሱ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ዘይት አምጥቶ የበሩን ማጠፊያ አጠጣው።

«ክፈቺው እስቲ። አሁንስ?»

«ይጮሃል።»

ደግሞ ጨመረ። «አሁንስ?»

«ትንሽ ቀርቶታል።»

ለሦስተኛ ጊዜ አፈሰሰበት። እሷ በሩን ገፋ አደረገችው፣ መለሰችው። እሱ የሚያየው በሩን ሳይሆን ፊቷን ነበር።

«ዝም አለ» አለችው።

ለእሱ ጆሮ ግን ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም።