የሴናተሯ ሦስተኛ ጥያቄ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጁዲት አንድ ጥራዝ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና፣ "ይሄን አንብቢና ማን እንደሚዋሽ ንገሪኝ" አለችኝ። የአየርላንድ ሴኔት የአንድ ቀን ቃለ ጉባኤ ነበር። ስለ አየርላንድ የማውቀው ዝናብ እንደሚበዛባት ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንብቤ፣ "ማንም የሚዋሽ አልመሰለኝም" አልኳት።

"እንግዲያው እንደገና አንብቢ" ብላኝ ሄደች።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ነው። ቢሮአችን አሜሪካን አገር ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ ከሜትሮ ጣቢያው በእግር አምስት ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። ሥራችን ለኩባንያዎች የውጭ አገር ምክር ቤቶችን ክርክር መከታተል ነበር። ስለ ክላየንታችን፣ ማለትም ስለሚከፍለን ኩባንያ፣ ምርት የተናገረ ሰው ካለ፣ ማን እንደተናገረ፣ ምን እንደጠየቀና ሚኒስትሩ ምን እንደመለሰ በአንድ ገጽ ጽፈን እንልካለን። ጀማሪው ሪደር፣ አንባቢ እንደማለት፣ ይባላል፤ ቀጥሎ ሲኒየር ሪደር፣ ከዚያ ኤዲተር። አዲስ አበባ እንግሊዝኛ አስተምር ስለነበር በሪደርነት ተቀጠርኩ።

ጁዲት ጥብቅ ነበረች። "ጠየቀ" እና "ጠቆመ" አንድ እንዳልሆኑ፣ ሚኒስትር "እየታየ ነው" ሲል "ይታያል" ተብሎ እንደማይጻፍ ያስተማረችኝ እሷ ናት። በምክር ቤት የሚቆጣ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ነገር አለው ትል ነበር። ትምህርቷ ገባኝ፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ገባኝ። ቤተ ክርስቲያን ሰው ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲለኝ እንኳ፣ ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው ማለት ጀመርኩ።

ሲኒየር ሪደር ስሆን የአየርላንድ ሴኔት ለእኔ ተሰጠ። እዚያ ስብሰባ ሲከፈት ጥቂት ሴናተሮች ከሕዝብ የመጣላቸውን አቤቱታ በየተራ ያነሳሉ። አንዱ ስለሚዘጋ ትምህርት ቤት፣ ሌላው ስለሚዘገይ አምቡላንስ። ሚኒስትሩ ወይም ምክትሉ ተጽፎ የተሰጠውን መልስ ያነባል፤ ሴናተሩ አንዴ መልሶ ይጠይቃል፤ በዚያው ያበቃል። ደብሊን በሰዓት ስለምትቀድመን ጠዋት ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ክርክሩን ማዳመጥ እጀምራለሁ።

አንድ ጠዋት ቀድሞ የገጠር ነርስ የነበሩ ሴት ሴናተር ተነሡ። በአካባቢያቸው ባለ የአረጋውያን መጦሪያ አንዲት አሮጊት ሊፍት በሚሉት የሰው ማንሻ መሣሪያ ከአልጋ ሲነሡ፣ የታቀፉበት ጨርቅ ስፌቱ ተተርትሮ ወድቀዋል፤ ዳሌያቸው ተሰብሯል። ጨርቁን ሠራተኞቹ ስሊንግ ይሉታል። ሴናተሯ፣ እነዚህ ስሊንጎች በየስንት ጊዜው ነው የሚመረመሩት ብለው ጠየቁ። ምክትል ሚኒስትሩ ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል እንደተላለፈ አነበበ።

ስሊንጉን የሚሠራው ኩባንያ ክላየንታችን ነበር። እኔ ግን የጠረጠርኩት ሴናተሯን ነው። ምርጫ ቀርቦ ይሆን? ተፎካካሪ ኩባንያ ልኳቸው ይሆን? ሪፖርቱ ላይ የአሳሳቢነቱን ደረጃ "ዝቅተኛ" ብዬ ላክሁት። ከወራት በኋላ ስለ ሌላ መጦሪያ ያንኑ አነሡ፤ ያንኑ መልስ አገኙ። እኔም ያንኑ "ዝቅተኛ" ጻፍኩ።

በሦስተኛው ግን ስሊንጉን ራሱን ይዘው መጡ። ሊቀመንበሩ ዕቃ ማሳየት ክልክል ነው ሲሏቸው ጠረጴዛው ሥር አስቀመጡትና፣ "የታተመበት ምልክት በስንት ሙቀት እንደሚታጠብ አይናገርም። በሚፈላ ውኃ ያጥቡታል፤ ክሩ ይበሰብሳል። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። መልስ እንዲሰጡኝ እንጂ እንዲያስተላልፉልኝ አልጠየቅሁም" አሉ።

ይህንን እንዳለ ጻፍኩት። በማግስቱ ጁዲት መጣች።

"ክላየንቱ ኮል አድርጎ ነበር። ስፌቱ ተተረተረ የሚለውን አውጪና የአጠቃቀም ችግር በይው።"

"ሴናተሯ እንደዚያ አላሉም።"

"የሚያነበው ራሱ ክላየንቱ ነው። አንቺን ምን ቸገረሽ?"

ለወጥኩት። ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰው ለራሱ የሚያነበውን ወረቀት ለምን ያስለውጣል? ወረቀቱን ከበላዩ ላለ ሰው ሊያሳይ ካልሆነ በቀር? እንግዲያው የሚደብቀው እውነት አለ ማለት ነው።

ታላቅ እህቴ ታደለች እዚያው አቅራቢያችን ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ነርሲንግ ሆም፣ በአረጋውያን መጦሪያ፣ በነርስ ረዳትነት ትሠራ ነበር። ደወልኩላት።

"እትዬ፣ እናንተ ጋ የሊፍቱ ስሊንግ የማን ምርት ነው?"

"ምን አስጠየቀሽ?"

"ዝም ብዬ ነው።"

"አንቺ ዝም ብለሽ ጠይቀሽ አታውቂም" አለች። በማግስቱ ግን ምልክቱን በስልክ አነበበችልኝ። ያው የክላየንታችን ነበር።

ቅዳሜ ሄድኩ። እህቴ እማማ አስካለ ወደሚባሉ እናት ክፍል ወሰደችኝ። ከሌላ ፎቅ ወደ እሷ ፎቅ ከተዛወሩ ሳምንት አይሆናቸውም። ሊፍት ላይ አልወጣም ስለሚሉ ፋይላቸው ላይ "አይተባበሩም" ተብሎ ተጽፏል።

"እማማ፣ ለምንድን ነው እምቢ የሚሉት?" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺ ደግሞ የማን ነሽ? እነሱ ናቸው የላኩሽ?"

"የታደለች እህት ነኝ።"

"ስነሣ ክር ሲበጠስ እሰማለሁ፣ ልጄ። እዚያ ፎቅ፣ እንግሊዝኛ አላውቅ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ነገርኳቸው። እጄን ዳበስ ዳበስ አድርገው ያነሡኛል።"

ሁለት ጊዜ "ዝቅተኛ" ብዬ የጻፍኩት ይሄንን ነው።

የቢሮውን ሪፖርት ለሰው እንዳልሰጥ ፈርሜአለሁ። የሴኔቱ ቃለ ጉባኤ ግን ለሕዝብ የወጣ ነው። እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ገብቼ ሦስቱንም ክርክሮች ፕሪንት አደረግኩና ለእህቴ ሰጠኋት። ወረቀቱን ሳትቀበል ቆየች።

"ከሥራ ልታስወጪኝ ነው?"

"ከየት አመጣሽው ካሉሽ፣ ከአየርላንድ ምክር ቤት ድረ ገጽ በያቸው። እውነት ነው።"

ሱፐርቫይዘሯ መጀመሪያ፣ "ማን ነው የሰጠሽ? ጠበቃ ነው?" ብላ አፋጥጣት ነበር። ከዚያ ግን የእማማን ስሊንግ ወደ መስኮቱ ወስዳ ስፌቱን በሁለት እጇ ሳብ አደረገችው። ተተረተረ። በዚያው ቀን የፎቁን ሁሉ ሰበሰበች። አራቱን ለብቻ አሽጋ ለአምራቹ ደብዳቤ ጻፈች።

ደብዳቤው ዞሮ ቢሮአችን ደረሰ። ጁዲት በሩን ዘጋች።

"ከሲልቨር ስፕሪንግ የተላከ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ተያይዞበታል። እዚያ ማን አለሽ?"

"እህቴ።"

"ሪፖርታችንን ሰጥተሻታል?"

"አልሰጠኋትም። የሰጠኋት ለሕዝብ የታተመውን ነው። ሳይለወጥ በፊት የጻፍኩት ማጠቃለያ ግን እኔ ጋ አለ፤ ያስለወጥሽኝም አለ።"

ጁዲት ደብዳቤውን አጣጠፈችና፣ "ከነገ ጀምሮ ኒው ዚላንድን ታነቢያለሽ" አለችኝ።

አላባረረችኝም። አፍራ ይሁን ፈርታ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ቃል ለውጪ ብላኝ አታውቅም፤ ኤዲተር ያደረገችኝም እሷ ናት። ቢሆንም ቢሮውን እስከለቀቅኩበት ቀን ድረስ ከእሷ ጋር በር ተዘግቶ መቀመጥ አልወድም ነበር።

አየርላንድ የእኔ ሥራ ባይሆንም በምሳ ሰዓቴ መከታተሌን አልተውኩም። ሴናተሯ አራተኛ ጊዜ ተነሡ። በዚህ ጊዜ ሚኒስትሩ ራሳቸው መጥተው ስሊንጎቹ ከየመጦሪያው እንዲሰበሰቡ መታዘዙን ተናገሩ። ሴናተሯ አመሰገኑና፣ "ተሰብስበው የሚያልቁበትን ቀን ይንገሩኝ" አሉ። ብቻዬን ሳቅሁ።

እማማ አስካለ በአዲሱ ስሊንግ መነሣት ጀመሩ። እህቴ እንደነገረችኝ ሁልጊዜ መጀመሪያ በገዛ እጃቸው ጎተት ጎተት ያደርጉታል፤ ሠራተኞቹም ይጠብቋቸዋል።

በሥራዬ ጥሩ ተጠራጣሪ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ነገር ግን ጠያቂዋን ሁለት ጊዜ ስጠረጥር፣ ሁለት ጊዜ ሳይለወጥ የተነበበውን መልስ አንድም ቀን አልጠረጠርኩም። ይህን ሥራ የምትጀምሩ ሁሉ፣ ጥርጣሬያችሁን ከመልሱ ጀምሩ።