ሰባት ቤት ቆጣሪው መርዕድ

መርዕድ ዳውንታውን አትላንታ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። እሑድ ሲሆን ግን ልጁን ሊድር ያሰበ ሐበሻ ሁሉ ይፈልገዋል፤ «ጋሽ መርዕድ፣ እስቲ ይቁጠሩልን!» ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ዝምድና ከተገኘ የሰው ፊት አያይም፤ «አይሆንም፣ እህትና ወንድም ናችሁ» ነው። ስንቱን ሠርግ አፍርሷል መሰላችሁ! ደግሞ በዚህ መኩራቱ!

ተራው የራሱ ልጅ ሆነ። ሉሊት እዚያው አትላንታ አጠገብ ብሩክሄቨን የታሪክ አስተማሪ ናት፤ ሳህሌ የሚባል ልጅ ወዳለች። የሳህሌ አባት አቶ ሕሩይ፣ «እርስዎ እያሉ ማን ይቆጥራል?» ብለው የዘራቸውን ሐረግ በስልክ ነገሩት። መርዕድ ለብቻው ሲቆጥር፣ ስድስተኛው ላይ ግራዝማች ቶሎሳ ቁጭ ብለዋል፤ በሕሩይም በኩል፣ በእሱም በኩል። ክው አለ።

ለሉሊት ሲነግራት ለተማሪዎቿ የሣለችውን የእንግሊዝ ነገሥታት የዘር ሐረግ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

«አባዬ፣ ይሄ ሄንሪ ሰባተኛ፣ ይቺ ሚስቱ ኤልሳቤጥ። ቁጠር እስቲ!»

መነጽሩን አድርጎ ቆጠረ። «አራተኛው ላይ ጆን የሚባል መስፍን ጋ ይገናኛሉ! ጉድ ነው! ማን ዳራቸው?»

«የሮማው ጳጳስ ፈቀዱ። ሲገዳደል የኖረ ዘመድ በነሱ ጋብቻ ታረቀ፤ ዩ ኖው?»

«ልጆቻቸውስ?»

«ትልቁ አርተር የዌልስ ልዑል፣ ታናሹ ሄንሪ የዮርክ መስፍን ነበሩ። አርተር ሲሞት ታናሹ...» የአርተርን ሚስት ስም በእጇ ሸፈነች።

«ማዕረጉንም ሚስቱንም ወረሰ በይኛ! እሱም በፈቃድ! ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትቷት ሌላ አገባ፤ አገሩም ታመሰ።»

«አየሽ!» አለ መርዕድ። ረታት፤ ግን ሥዕሉ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ መነጽሩን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ።

የቆጠራው ዕለት ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ካለ ምግብ ቤት ሁለቱ ቤተሰብና ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ባለፈው ዓመት መርዕድ ቆጥሮ የልጁን እጮኝነት ያፈረሰበት ኢሳያስም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው። መርዕድ የሕሩይን ወገን እስከ ሰባት ዘለቀው። የራሱን ጀመረና አምስተኛው ላይ ቆመ።

«ይቀጥሉ እንጂ» አሉ አቶ ሕሩይ።

መርዕድ ሉሊትን አያት። «ከዚህ በላይ አላውቅም» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እሱ የማያውቀውን ማን ያውቃል? «እንግዲህ ይሁን» አሉና መረቁ።

«የኔ ልጅ ጊዜ ታውቅ ነበር» አለ ኢሳያስ በቀስታ።

መርዕድ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።