«ሰውሽ መጣ?»

እኔ አሥመራን አልለቀቅሁም፤ አገሩ ነው የለቀቀኝ። ከወሎ መጥቼ ዓባ ሻውል ሰፈር ውስጥ ሻሂ እየሸጥኩ ስኖር ዘመድም ጎረቤትም ነበረኝ። ነፃነት ሲመጣ እህቴ ከነባሏ ጎዳይፍ ያለውን ቤቷን ዘግታ ከጎረቤቶቼና ከሌሎቹ የአገራችን ሰዎች ጋር ወደ ኢትዮጵያ ሄደች። እኔ የት እሄዳለሁ ብዬ ቀረሁ። ብዙም ሳይቆይ በዚያችው ጠባብ መንገድ፣ በዚያችው ምድጃ ፊት፣ የውጭ አገር ሰው ሆንኩ።

ያን ሰሞን ሐሞቴ ውስጥ ጠጠር ተገኘ። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል፣ ከዘገየሽ ይብሳል ብሎ አልጋ ሰጠኝ። ችግሩ ሌላ ነበር። ነርሶቹ ጥቂት ስለሆኑ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ አጠገቤ ሆኖ የሚያጥበኝ፣ የሚያጎርሰኝ፣ ሲብስብኝ ነርስ የሚጠራልኝ የራሴ ሰው ከሌለ ተራ አይያዝልኝም። በየማለዳው ነርሷ ትመጣና «ሰብኪ መጺኡዶ?» ትለኛለች፤ ሰውሽ መጣ? ማለቷ ነው። አልመጣም እላታለሁ። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች፣ ተራዬም ለሌላ ይሰጣል። ሕመሙ ሲነሣብኝ አንሶላውን እነክሳለሁ። ሰው እንደ በርበሬ ከገበያ አይሸመት ነገር።

አጠገቤ የተኙት እግራቸው የተሰበረ አሮጊት ነበሩ። እንደ አገሩ ሰው አደይ፣ እናቴ፣ እላቸዋለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ግን አላወራም። ጠያቂዎቻቸው ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ፤ አንዲት ልጃቸው ታጋይ ሆና ሜዳ ወጥታ ነበር። ሌሎቹ ታጋዮች ከተማ ሲገቡ እሷ አልገባችም፤ ሞታለች ብሎ የነገራቸውም የለም። እኔ ደግሞ አፌን ስከፍት የሚወጣው ልጃቸው የተዋጋቻቸው ወታደሮች ቋንቋ ነው። ትግርኛዬም ሻሂ ለመሸጥ ይበቃል እንጂ ለእንዲህ ያለ ሐዘን አይበቃም።

የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ በሩ ይከፈትና ሰው ይግተለተላል። የአሥመራ ሰው ወግ አለው፤ የራሱን በሽተኛ ብቻ አይቶ አይወጣም፣ በየአልጋው እየዞረ «ምሕረት የውርደልኪ»፣ ምሕረት ያውርድልሽ፣ ይላል። እኔንም ይሉኛል። አሜን ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፤ የማላውቀው ሰው ሲያዝንልኝ ያናድደኛል። አደይ ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላሉ። የእህታቸው ልጆች አጠገባቸው ተቀምጠው እያጎረሷቸው እንኳ የእሳቸው ዓይን ያችን ያልገባች ልጅ እየጠበቀ በሩ ላይ ነው።

አንድ ማለዳ ነርሷ ያንኑ ጥያቄዋን ስትጠይቀኝ አደይ ቀደሙኝ።

«ኣነ ኣለኹላ» አሉ፤ እኔ አለሁላት።

ነርሷ ሳቀች። እርስዎ ራስዎ በሽተኛ አይደሉ እንዴ ብትላቸው፣ የተሰበረው እግሬ ነው፣ እጄ ደህና ነው አሏት። የእህታቸውን ልጆችም ለእኔ አጥሚት እንዲያመጡ አዘዟቸው፤ የሥጋ መረቅ እንዳይሆን፣ እስላም ናት አሉ። ሳልነግራቸው አይተው አውቀው ኖሯል። ነርሷም ተራ ያዘችልኝ።

ከኦፕራሲዮኑ ስወጣ ማደንዘዣው አልለቀቀኝም ነበር። የማስታውሰው እናቴን ነው። ደሴ የተቀበረችው እናቴ እጄን ይዛ፣ በተጣራሁ ቁጥር ትመልስልኝ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ እጄን የያዙት አደይ ናቸው፤ ክራንቻቸውን አስደግፈው አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። እማዬ እያልሽ በአማርኛ ስትጣሪ ዋልሽ፤ እኔም አለሁ ጓለይ፣ አለሁ ልጄ ስልሽ ዋልኩ አሉኝ በትግርኛ። አፍሬ ይቅርታ አልኳቸው፤ ይህንንም ያልኩት በአማርኛ እንደሆነ ልብ አላልኩም። እጄን አልለቀቁም። ከንፈሬን በረጠበ ጨርቅ አራሱልኝና እሳቸውም በአማርኛ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«የእኔም ልጅ የሆነ ሐመድ፣ የሆነ አፈር ላይ ወድቃ ጠርታኝ ይሆናል። አለሁ ያላት ሰው ኖሮ ይሆን?»

ስፌቴ እስኪያመኝ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም።

በማግስቱ የጠያቂ ሰዓት ደርሶ በሩ ተከፈተ። አደይ ቀና አላሉም። ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው አጥሚቱን በማንኪያ እያበረዱ ያጎርሱኝ ነበር። በእሳቸው ፈንታ፣ የመጨረሻው ጠያቂ እስኪገባ ድረስ፣ በሩን ሳይ የቆየሁት እኔ ነኝ።