ሙሽራዋ የታለች?

ወንድሜ ስሜነህ ሲቀበር እንዳነብበው የተሰጠኝ የሕይወት ታሪክ «በንግድ ሥራ ተሰማርቶ ኖሯል» ይላል። ውሸት ነው። ስሜነህ ነጋዴ ሆኖ አያውቅም። መተማ ዮሐንስ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ ሥራውም ፊልም መተርጎም ነበር።

ወጣትነቱን ያሳለፈው ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ የሲኒማ ቤት ወለል እየጠረገ ነው። አረብኛ ማንበብ የለመደው ከፊልሙ ግርጌ ከሚያልፈው ጽሑፍ ነው። አገሩ ሲመለስ እሑድ ከሰዓት፣ ሰሊጥ አጫጆቹ ከእርሻ ሲወጡ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ የተዋናዮቹን ሁሉ ንግግር ድምፁን እየቀያየረ በአማርኛ ያወራላቸው ነበር።

አብዝተው የሚወዱት አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር፤ ሆሊውድ ወንጀል በፊልም እንዴት ይታይ የሚለውን ደንብ ከማጥበቁ በፊት የተሠራ። መጠጥ በድብቅ የሚያሻግር ወሮበላ ለፖሊስ አዛዡ ፖስታ ያቀብላል፤ አዛዡ ኪሱ ይከታል፤ መኪናው ያልፋል። የመተማን ኬላ አሠራር የሚያውቅ ተመልካች ሁሉ እዚህ ላይ ያፏጫል።

ፉጨቱ አንድ የኬላው ባለሥልጣን ጆሮ ደረሰ። ስሜነህን አስጠርቶ፣ «ፖስታው የሠርግ ስጦታ ነው በል፤ አለዚያ ቤትህ ይታሸጋል» አለው።

በቀጣዩ እሑድ ፖስታው ብቅ ሲል ስሜነህ ፊልሙን አቆመ።

«ይሄ የሠርግ ስጦታ ነው» አለ ፊቱን ቅጭም አድርጎ። «እንዲህ በል ተብያለሁ።»

ባለሱቁ ዓሊ ከኋላ ጮኸ፤ «ያ ዞል! አንተ ሰው! ሙሽራዋ የታለች ታዲያ?»

«መኪናው ላይ ተጭናለች!» አለ አንድ አጫጅ።

«ታዲያ ትፈተሻ!» አለ ሌላው።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

በማግስቱ ታሸገ፤ ምክንያቱ «ጸጥታ ማወክ»። ዘጠና ዓመት ያለፈው የባዕድ አገር ታሪክ የማንን ጸጥታ አወከ? ማንስ የባለሥልጣኑን ስም ጠራ? ስሜነህ ያላንኳኳው በር የለም፤ አንዱም አልተከፈተለትም። ያ ስንቱን ሰው የሆነ ጉሮሮ መናኸሪያ ገብቶ «ገለጉ! ገለጉ!» እያለ ወደዚያች ከተማ የሚሄድ ተሳፋሪ ሲጣራ ኖሮ በሞት ዝም አለ።

በቀብሩ ላይ ያው ባለሥልጣን ከፊት ቆሟል። ጎረቤታችን ጋሽ ጀምበሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ የቪዲዮ ቤቱን ነገር ተዪው፤ ሰውዬው እዚህ ነው» አሉኝ።

«እሱማ ይስማ እንጂ፣ ጋሽዬ።»

ሥራዬ መዝገብ መጠበቅ ነው፤ በወንድሜ መቃብር ላይ ሐሰት አላነብም። ወረቀቱን አጥፌ እውነቱን ተናገርኩ። ፖስታው ላይ ስደርስ እንደ ስሜነህ «ይሄ የሠርግ ስጦታ ነው» አልኩ።

ከአጫጆቹ መሐል አንዱ በዝግታ፣ «ሙሽራዋ የታለች?» አለ።

የሳቀ አልነበረም። ባለሥልጣኑ አፈር ሳይመለስ ሄደ።