በገበሬዎቹ ሜዳ ላይ የተሳለው መልሕቅ

የአንድ ሰው ዕድሜ መጨረሻው ላይ ቢጨመቅ ምን ጠብ ይላል? ይህን ጥያቄ በዳርኔል ዩኒቨርሲቲ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለወጣቶች ሳቀርብ ኖሬያለሁ። አብዛኞቹ የሚመልሱልኝ ፈተናውን ለማለፍ የሚበቃቸውን ያህል ነበር። እኔ ራሴ ከዚያ የተሻለ መልስ ነበረኝ ለማለት አልደፍርም። ከማስተምርበት ክፍል መስኮት ሥር ግን ሣር የምታጭድ አንዲት ሴት ነበረች። አርሊስ ሆፍስታድ ትባላለች። ባለፈው መጋቢት ቀበርናት።

አርሊስ የተወለደችው ከከተማችን በስተደቡብ ካሉት የስንዴ ኮረብታዎች በአንዱ ላይ ነው። አባቷ መሬታቸውን ያጡ ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ዘንድ መጥታ ሥራ ስትጠይቅ፣ "ምን ትችያለሽ?" አሏት። "ከመሬት የሚበቅል ነገር ሁሉ ያውቀኛል" አለች። ሳቁባትና የስታዲየሙን ሣር ማጨጃ ሰጧት። በሰባተኛው ዓመት የሜዳው ኃላፊ ሆነች። ከዚያ ወዲህ እሷ ሳትፈቅድ ያንን ሣር የረገጠ ሰው የለም። አንድ ጊዜ አዲስ የተሾሙ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ፎቶ ሊነሡ ባለ ተረከዝ ጫማቸውን እንዳደረጉ መሐል ሜዳ ድረስ ዘልቀው ገቡ። "ጌታዬ፣ እኔ እርስዎ ቢሮ በትራክተር ገብቼ አውቃለሁ?" አለቻቸው። ሰውየው በጫማቸው ጫፍ እየረገጡ ወጡ።

የከተማችን ሰው ዩኒቨርሲቲውን ሲያነሣ ትምህርቱን ማለቱ አይደለም፤ ኳሱን ነው፤ በእጅ የሚያዘውን፣ እንቁላል መሳዩን ኳስ። በቡድናችን ስም እኛ ገበሬዎቹ ነን። ከተራራው ማዶ፣ ባሕሩ ዳር ያሉት የካስል ቤይ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ደግሞ መርከበኞቹ ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ፣ በየዓመቱ፣ በኅዳር አንድ ቅዳሜ ተጋጥመናል። ግጥሚያው ማንም ያልጻፈው አንድ ሕግ ነበረው። የተሸነፈው ቡድን የሜዳ ኃላፊ በሚቀጥለው ዓመት፣ ጨዋታው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሜዳው የማንም ይሁን የማን፣ መሐሉ ላይ ተንበርክኮ የአሸናፊውን አርማ በእጁ ይስላል። መለኪያው ገመድና ችካል ብቻ ነው። እኛ ተሸንፈን እንደሆነ መልሕቅ፣ እነሱ ተሸንፈው እንደሆነ የስንዴ ነዶ።

አርሊስ የመጀመሪያዋን መልሕቅ ስትስል ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። የመልሕቁን ጥርሶች ወደ ላይ አድርጋ ሳለቻቸው። የመርከበኞቹ ሜዳ ኃላፊ ሜርል ኪስትለር መጥቶ አየና በሳቅ ሆዱን ያዘ።

"አርሊስ፣ መርከባችንን ሰማይ ላይ ልታስሪልን ነው?"

"እኔ ምን አውቄ? ሹካ ጥርሱ ወደ ላይ ነው ብዬ ነዋ።"

"ኧረ ይሄ በቴሌቪዥን ይታያል!"

"እንግዲያው በወዲያኛው በኩል ዞረህ ቁም፣ ይስተካከልልሃል።"

በዓመቱ ተራው የሜርል ሆነና ነዶውን ሳለ። አርሊስ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"ምንድነው ይሄ?"

"ስንዴ ነዋ።"

"ይሄ ጢሙን ያጎፈረው? ይሄማ ገብስ ነው። ቢራ እንደጠማህ መጥተህ ነው የሳልከው!"

ከዚያ በኋላ እሷ በተሸነፍን ቁጥር መልሕቁን ሆን ብላ ገልብጣ ትስላለች፤ እሱም በተሸነፉ ቁጥር ገብስ ይስላል። አለቆች ጮኹ፤ ሰሚ አላገኙም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ተሰዳደቡ። ስለ ወዳጅነት ብዙ አንብቤያለሁ፤ በየዓመቱ በቀጠሮው ቀን ሳይቀር የሚመጣ ባላንጣ ግን ለሰው ምኑ እንደሆነ በቅጡ የነገረኝ መጽሐፍ አላገኘሁም። ዘመድ እንኳ እንደዚያ አይመጣም።

ከሦስት ዓመት በፊት በነሐሴ፣ ስንዴው ታጭዶ ሳያልቅ፣ ካስል ቤይ ከሊጋችን መውጣቱን አስታወቀ። በሊጉ ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች ነበርን። ምሥራቅ ያለ አንድ ትልቅ ሊግ ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጋር ተዋውሎ ለእያንዳንዱ አባል በዓመት ሠላሳ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ሊያድል ነው ተባለ። እኛ ዘንድ የሚገኘው ዘጠኝ ነበር። ካስል ቤይ በወጣ በሳምንቱ ሌሎች አራት ተከተሉት። ሦስት ቀረን፤ ከተማችን ትንሽ፣ ተመልካቻችን ጥቂት፣ ለማስታወቂያ የማንመች። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል፤ እነዚያ ተረቱን እንዳለ ወሰዱት። መረብ ኳስ የሚጫወቱት ልጃገረዶቻቸው፣ ቀድሞ አምስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዘው እኛ ዘንድ ይጫወቱ የነበሩት፣ ዛሬ አገሩን ከዳር ዳር አቋርጠው በርረው ረቡዕ ይጫወቱና ሐሙስ ጠዋት ዓይናቸውን እያሹ ፈተና ይቀመጣሉ።

የስፖርት ክፍላችን ዳይሬክተር ብራይስ ኮልደር ሠራተኞቹን ሰበሰበ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእሱ ዓለም ሁሉ ሠንጠረዥ ስለሆነች ብቻ ነው።

"ስሜታችንን ወደ ጎን እናድርገው" አለ። "ይሄ ገበያ ነው። እኛም ገዢ እንፈልጋለን።"

አርሊስ እጇን አወጣች። "የኅዳሯ ቅዳሜስ?"

"እሷ እንግዲህ... የጨዋታው መርሐ ግብር በቴሌቪዥኑ እጅ ነው ያለው፣ ወይዘሮ አርሊስ።"

"ቴሌቪዥኑ እኮ የመጣው እኛን ሊያይ ነበር። እኛ እሱን ልናይ የተሰበሰብነው መቼ ነው?"

ሳቅ ሆነ። ብራይስም ሳቀና ወደሚቀጥለው ሠንጠረዥ አለፈ።

በዚያው ዓመት ኅዳር የመጨረሻው ግጥሚያ በካስል ቤይ ሜዳ ተደረገ። ሃያ አራት ለሃያ አንድ ተሸነፍን። ሰው ሁሉ ሲወጣ አርሊስ አጥሩ ሥር ቆማ፣ ሜርል የውኃ ቱቦውን ሲጠቀልል ታያለች።

"ዕድለኛ ነሽ" አላት። "ተሸንፋችሁም ጉልበትሽ ቀለም አይነካውም።"

"ማን አለ?"

"ከርሞ ግጥሚያ የለማ!"

"የለም ያሉት ያንተ አለቆች ናቸው። የተሸነፍነው እኛ ነን። ሁለቱ ምን አገናኛቸው?"

"አርሊስ፣ ዕብደትሽን ተይ። እዚህ ለመግባት እንኳ አይፈቅዱልሽም።"

"እዚህ ማን ይመጣል? እኔ ሜዳ የለኝም?"

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተሸናፊው የሚስለው ለሚቀጥለው ግጥሚያ ነው። የሚስል ሰው ካለ የሚቀጥል ግጥሚያ አለ ማለት ነው፤ የሚስል ከጠፋ መቶ ዓመቱ በዚያች በሃያ አራት ለሃያ አንድ ላይ ተዘጋ። አርሊስ እንዲዘጋ አልፈቀደችም። እኔ ይህን ለመረዳት ብዙ ቀን ፈጀብኝ፤ እሷ ግን አጥር ሥር እንደቆመች ገብቷታል።

በዓመቱ ብራይስ የሜዳውን መሐል ለአንድ የመኪና ጎማ ነጋዴ ለማስታወቂያ ሸጠው። በኅዳሯ ቅዳሜም ከደቡብ በረሃ የሚመጣ፣ ስሙን ሰምተነው የማናውቀው ኮሌጅ ተመደበልን። ነጋዴው አርማውን ዓርብ ሊያስቀባ ነበር። አርሊስ ሐሙስ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ አመዳዩ ከሣሩ ላይ እንደለቀቀ፣ ገመዷንና ችካሏን ይዛ ገባች። በዚያ ብርድ ቀለሙ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ካልደረቀ አይደርቅም። በእሷ ሥር ያሉት አራቱ የሜዳ ሠራተኞች ቆመው አዩዋት። ስትጨርስ መሐሉ ላይ ዘጠኝ ሜትር የሚሞላ መልሕቅ ተጋድሟል።

ብራይስ እየሮጠ መጣ።

"ይሄ ምንድነው?"

"መልሕቅ።"

"ጥለውን የሄዱትን ሰዎች አርማ! ያውም በተሸጠ ቦታ ላይ!"

"ምኑ ነው የተሸጠው?"

"መሐሉ ነዋ! ውል ተፈርሟል!"

"ቀለሙን ነው የሸጥከው ሣሩን? ሣሩን ከሆነ ነቅለው ይውሰዱት። ሥሩን ግን አልሸጥኩላቸውም።"

"ወይዘሮ አርሊስ፣ ቀልድ አይደለም። አጥፊው።"

"አላጠፋም።"

"ሌላ ሰው ያጠፋዋል።"

"ያጥፋዋ።"

ብራይስ ወደ አራቱ ዞረ። አንደኛው "አለቃ፣ እኔ ወገቤን አሞኛል" አለ። ሁለተኛውም ወገቡን ያዘ። ሦስተኛው "የእኔስ ከትናንት ጀምሮ ነው" አለ። አራተኛው ያለ አንድ ቃል መሬት ላይ ተቀምጦ አቃሰተ። በዚያን ዕለት በዳርኔል ከተማ ጤነኛ ወገብ የነበራት አርሊስ ብቻ ነበረች።

ያን ቀን በአጥሩ በኩል ሳልፍ ጠራኋት።

"አርሊስ፣ ቃሉን አጥፎ ለሄደ ሰው ቃል ይጠበቃል?"

ብሩሿን እያጠበች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም። "ለእነሱ ነው የጠበቅሁት ያለህ ማነው፣ ፕሮፌሰር? ተሸንፈን የምንሸሽ ከሆነማ እኛም ሄደናል። መሄድ እኮ አውሮፕላን አይፈልግም።"

ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩትን እያሰብኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ሰው መጣ። እንደ ድሮው አልሞላም፤ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። በመኪና ማቆሚያው የሚጠበሰው ቋሊማ ይሸታል። ሕዝቡ ገብቶ መልሕቁን ሲያይ ስታዲየሙ በጩኸት ተናጠ። የተከዳ ሰው ቁጣ ነው፤ ክፉ ነው። "ከሃዲ!" የሚል ሰማሁ። "ሂጂና ለእነሱ እጨጂ!" የሚልም ነበር። የበረዶ ኳስ ተወረወረ። አርሊስ ባርኔጣዋን እንዳደረገች መስመሩ ዳር ቆማለች። ወደ ኋላዋ አልዞረችም።

በዚህ መሐል አንድ ረጅም ሽማግሌ የመርከበኞቹን ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ በደረጃው ወረደ። ሜርል ነው። የተራራውን በረዶ አቋርጦ አምስት ሰዓት ነድቶ፣ ትኬቱን ቆርጦ የገባ ነው። አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። አርሊስ አየችው።

"ጫማህን ጥረግና ግባ" አለችው።

ጠረገና ገባ። መልሕቁን አሻግሮ አየው፤ አንገቱን ወዲህ አጋደለ፣ ወዲያ አጋደለ።

"ጥርሱ ወደ ታች ነው።"

"ነው።"

"ሠላሳ ዓመት ገልብጠሽው ዘንድሮ ምን አገኘሽ?"

"ለማሾፍ እኮ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ ሜርል። ትመጣለህ ብዬ አላሰብኩማ።"

ሜርል ባርኔጣውን አወለቀ። ከላይ አንዱ ወፍራም ድምፅ፣ "አንተ መርከበኛ! መንገድ ጠፋብህ እንዴ?" ብሎ ጮኸ። ሜርል ዞር ብሎ፣ "እኔስ አልጠፋብኝም! የጠፋባቸው አለቆቼ ናቸው!" አለው። ሳቅ ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ወደ ሌላው ዞረ። ከዚያ በምዕራቡ በኩል ያሉ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ብድግ ማለት ጀመሩ። ሁሉም ተነሣ ብል ውሸት ነው፤ ከግማሹ በላይ ተቀምጦ ቀርቷል፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ያጉረመረመም አለ። ግን "ከሃዲ" የሚል ከዚያ በኋላ አልሰማሁም። ጨዋታውን አሸነፍን። ማንን እንዳሸነፍን ዛሬ አላስታውስም።

ጎማ ነጋዴው ውሉን ሰረዘ። በጥር ወር አርሊስን ጡረታዋን እንድትወስድ አደረጓት። ማንም አባረርናት አላለም፤ ስንብቱ ላይ ኬክ ተቆርሷል፣ ብራይስ ስለ ታማኝነት ንግግር አድርጓል። እሷ እጇን አጣጥፋ አዳመጠችው። ሲጨርስ "ጥሩ ተናገርክ፤ አሁን አድርገው" አለችው።

ፕሬዚዳንቱ ነገሩን ለማብረድ ጠጋ አሉ። "ወይዘሮ አርሊስ፣ ዩኒቨርሲቲው ምን ያድርግልዎ? ስታዲየሙ ውስጥ በስምዎ አንድ ወንበር ልንሰይም አስበናል።"

"ወንበር ምን ያደርግልኛል? ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚህ ስኖር ተቀምጬ አላውቅም።"

"እንግዲያው የሚፈልጉትን ይንገሩን።"

አርሊስ ረጅም ንግግር አታውቅም ነበር፤ ያን ዕለት የተናገረችው ከእሷ ከሰማሁት ሁሉ ረጅሙ ነው።

"መርከበኞቹን መልሱልኝ አልልም፤ ለዐሥር ዓመት ተሸጠዋል አሉ። የኅዳሯን ቅዳሜ ግን ለሌላ ለማንም አትስጡብኝ። ማንም አይጫወትባት። ሣሩ ይታጨድ፣ መስመሩ ይሰመር፣ በሩ ይከፈትና ሜዳው ባዶውን ይዋል። የሚመጣ ካለ መንገዱን ያውቀዋል። የሚመጣ ከሌለም ማን እንደቀረ ይታያል። በዓመት አንድ ቀን ብቻ።"

ፕሬዚዳንቱ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት፤ ሲጽፉ አይቻለሁ። አርሊስ ከዚያ በኋላ ይህንኑ በደብዳቤ አድርጋ ሁለት ጊዜ አስገብታለች። ያቺ ቅዳሜ ዓምና ተሸጠች፤ ዘንድሮም ተሸጣለች።