ሙሽራውን መንገድ ያስቀረው ብሎን

የስማዳ ወረዳዋ የወገዳ ከተማ መካኒክ ሳሊም ያጠበቀው ብሎን አይፈታም ይባላል። ደንበኞቹ ይህን የሚሉት ሲያመሰግኑት ነው፤ ሌሎቹ መካኒኮች ደግሞ ሲያሙት። ሰውየው ሲያዩት ቀጭን ነው፣ ሸሚዙ ራሱ የተዋሰው ይመስላል። ቁልፍ ሲጨብጥ ግን ምን እንደሚገባበት እንጃለት። ብሎን ጠብቋል ቢሉት አያምንም። ጥርሱን ነክሶ አንዴ ይጨምርበታል፤ ከዚያ "ይቺ ደግሞ ለመንገዱ" ብሎ ሌላ ይደግምበታል። የስማዳን መንገድ የሚያውቅ ሰው አይፈርድበትም።

እንግዲህ ይኸው ሳሊም ባለፈው ጥር አገባ። ሙሽሪት ኢክላስ ትባላለች፣ የመካነ ኢየሱሱ የጨርቅ ነጋዴ የሐጂ አብዱልፈታህ የመጨረሻ ልጅ ናት። ሐጂ ደግ ሰው ናቸው፤ በሰዓት ግን ቀልድ አያውቁም። ለሳሊም ቁርጡን ነግረውታል። "ኒካሁ የቀትር ሶላት እንደተሰገደ ነው። ሼኩም እንግዳውም ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ካልመጣህ ግን ልጄን የሙሽራ ልብሷን አስወልቃታለሁ፤ አንተም ከዚያ በኋላ ደጄን እንዳትረግጥ።" ሐጂ ያሉትን እንደሚያደርጉ ሳሊም ያውቃል። ኢክላስን ደግሞ ስሟ ሲጠራ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ይወዳታል። ስለዚህ የዚያን ቀን ወፍ ሳይንጫጫ ነው ለብሶ ያለቀው።

የሰርጉ መኪና የጓደኛው የሳዳም አሮጌ ፒካፕ ናት። ሳዳም ይነዳል፣ ሙሽራው በነጭ ኮት ከጎኑ ተቀምጧል፣ ሚዜዎቹ ከኋላ ቆመው ይጨፍራሉ። የሚዜዎቹ አለቃ ደምሌ ነው። ደምሌ የወገዳ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ክርስቲያን ቢሆንም ከሳሊም ጋር በአንድ ሰፈር አፈር ፈጭቶ ያደገ ነውና ማንንም ሳያስፈቅድ ራሱን አንደኛ ሚዜ አድርጎ ሾሟል። መንገዱ ሲያነጥራቸው እነሱም አብረው ይነጥራሉ፤ ጭፈራው የትኛው እንደሆነ፣ ጉድጓዱ የትኛው እንደሆነ አይለይም ነበር።

ትልቁን ዳገት ሊጨርሱ ሲሉ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ። ሳዳም መኪናዋን ጥግ አስይዞ ኮፈኑን ከፈተ። ሳሊም አንገቱን አሰገገና ትንሽ አዳመጠ። "ተርሞስታቷ ናት" አለ። ሞተሩ ሲግል ተከፍታ ውሃውን ወደ ራዲያተር የምታሳልፍ ትንሽ በር ናት፤ ዛሬ አልከፍትም ብላለች። "ችግር የለም። ክዳኗን የያዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው። እነሱን ፈትቶ እሷን መጣል ነው፤ ያለሷም ያደርሰናል።" ይህን እያለ ኮቱን ማውለቅ ጀመረ።

ደምሌ እጁን ያዘው። "ምን ልትሆን ነው?"

"ልፈታት ነዋ።"

"ሙሽራ እኮ ነህ አንተ።"

ነገሩ ወዲህ ነው። እዚህ አገር ሙሽራ ንጉሥ ነው። ውሃ የሚያፈስለት ሚዜ፣ ጫማውን የሚጠርግለት ሚዜ፣ ዝንብ የሚያባርርለት ሚዜ ነው። ሙሽራው በሰርጉ ቀን መንገድ ዳር መኪና ሲፈታ ታየ ከተባለ የሚዜዎቹ ነገር አለቀ፤ የማክሰኞ ገበያ ሲስቅባቸው ይውላል። ስለዚህ ሳሊምን ግራና ቀኝ ብብቱን ይዘው አነሱት፣ ድንጋይ ላይ ጋቢ አንጥፈው አስቀመጡት፣ ጃንጥላ ዘረጉለት። "አንተ እዘዝ፤ እኛ እንሠራለን" አለው ደምሌ። በዚያ ዳገት ላይ የነበረው አንድ ለእናቱ መካኒክ ጃንጥላ ሥር ተጎለተ፤ ፀጉር አስተካካዩ ሞተር ውስጥ ገባ።

የመጀመሪያው ብሎን እሺ ብሎ ወጣ። ሚዜዎቹ ለእሱ ብቻ አንድ ዙር ጨፈሩለት። ሁለተኛው ግን ዝጎ ነክሷል። "አስራ ሁለት ቁልፍ ነው የሚሆነው፣ ቀስ ብለህ" አለ ሳሊም ከዙፋኑ። ደምሌ የአስራ ሁለቱን ቁልፍ አየውና ቀጭን ሆነበት። ወፍራሙ ጉልበት አለው ብሎ በራሱ ሥልጣን አስራ ሦስቱን አነሳ፣ እግሩን የመኪናዋ የፊት መከላከያ ላይ ተክሎ ጎተተ። ቁልፉ ዞረ። "ዞረልኝ" አለ፤ ሚዜዎቹም እልል አሉ። ሳሊም ግን ድምፁን ሰምቶ ዓይኑን ጨፈነ። የዞረው ቁልፉ ብቻ ነበር። የብሎኑ ራስ ማዕዘኑ ሁሉ ተበልቶ እንደ ሽንብራ ድብልብል ብሏል።

"ላጨኸው አይደል" አለ ሳሊም። "እጅህ የለመደውን ነው የሠራኸው።"

"ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ የብሎኑ ነው። ማነው እንዲህ አርጎ ያጠበቀው ሰው?" አለ ደምሌ ላቡን እየጠረገ።

ሳዳም መጀመሪያ መሬት መሬት አየ፣ ከዚያ ሙሽራውን አየ። "ባለፈው ክረምት ይቺን ክዳን የገጠምክልኝ አንተ አይደለህም እንዴ?"

"ለመንገዱ ብዬ ነው እኮ" አለ ሳሊም። ሚዜዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ተንፈራፈሩ፤ አንደኛው ከሳቁ ብዛት ከመኪናው ላይ ወድቆ እዚያው መሬት ላይ ሆኖ ሳቁን ቀጠለ።

ሳሊምም አብሯቸው ሳቀ፣ ሳቁ ግን እኩሌታው ላይ ቀረበት። ፀሐይዋ ከአናታቸው አልፋለች። ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ኢክላስ የሙሽራ ልብሷን ስታወልቅ ታየችውና ፈራ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። ብድግ ብሎ ኮቱን አወለቀና ለደምሌ አለበሰው። "ሙሽራ መቀመጥ ካለበት አንተ ተቀመጥ። እኔ ሚስቴን ላጣ አልችልም።" ደምሌም ነጩን ኮት ለብሶ ጃንጥላው ሥር ቁጭ አለ። ሥልጣኑ ሳያስደስተው አልቀረም።

ሳሊም የተበላውን ራስ በሞረድ ግራና ቀኝ አስተካከለው። ከልኩ አንድ ቁጥር የሚያንሰውን የአስራ አንድ ቁልፍ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ብሎኑ ራስ ላይ በግድ አለበሰው። ሳብ ቢያደርገው ወይ ፍንክች። በኃይል ከተጎተተ ደግሞ አንገቱ ተቀንጥሶ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ኒካሁም አብሮ ቀረ ማለት ነው። የብሎኑ ጥርስ መሐል የሚሰርግ ነገር ያስፈልጋል፤ የሞተር ዘይት ወፍራም ነውና አልገባ አለ።

በዚህ መሐል አንዲት እናት በእግር መንገዱ ብቅ አሉ። ወይዘሮ የሺ ይባላሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ነው የሚሄዱት፣ እጃቸው ላይ እስር ጧፍ ይዘዋል። በቀጥታ ወደ ደምሌ ሄደው "ጋብቻውን የአብርሃም የሣራ ያድርግልህ ልጄ" ብለው መረቁት። ደምሌ "አሜን" አለ፤ ሌላ ምን ይበል?

ሳሊም ጧፉን አየና ዓይኑ በራ። "እናቴ፣ ሙሽራው እኔ ነኝ። አንዲት ጧፍ ቢሰጡኝ ምናለበት?"

"እኛስ ለእመቤታችን ነው የምናበራው። አንተ ለማን ልታበራው ነው?"

"አላበራውም፤ ለብሎን ነው። የጋለ ብረት ላይ ሰም ሲነካ ይቀልጥና ዘይት የማይገባበት ይገባል።"

ወይዘሮ የሺ ብሎኑን አዩ፣ ሳሊምን አዩ፣ ነጭ ኮት ለብሶ የተጎለተውን ደምሌን ደግመው አዩ። ሣቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ከእስሩ አንዷን መዘዙለት። "እመቤታችንም ሰርግ ትወዳለች፤ አትቆጣኝም" አሉና እስኪፈታ ሳላይ አልሄድም ብለው ቆሙ።

ሳሊም ጧፏን ብሎኑ ሥር ቢያስጠጋት ሞተሩ ግሎ ነበርና ሰሙ ፈሰሰ። በመዶሻ የብሎኑን ራስ ቀስ ቀስ እያደረገ መታ መታ አደረገው፤ ሰሙ ወደ ውስጥ ጠፋ። ደግሞ ጨመረለት። ከዚያ ቁልፉን ይዞ በአንድ ጊዜ ሳይጎትት ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ እያለ አባበለው። ሚዜዎቹ እንኳ መዝፈኑን ረሱት። ብሎኑ ቀጭ አለና ዞረ። ወይዘሮ የሺ ቀድመው እልል አሉ። ተርሞስታቷ ገደል ተወረወረች፤ ለክዳኑ ከሥር የሚገባው ካርቶን ተቀዶ ስለነበር ከተረፈ የሰርግ ጥሪ ካርድ ላይ ልኩ ተቆርጦ ተሠራ። ክዳኑ ተገጠመ፣ ውሃ ተሞላ።

ሳሊም ገና ኮፈኑን ሳይዘጋ ከመካነ ኢየሱስ በኩል መኪና መጣ። ሐጂ አብዱልፈታህ ወረዱ፣ ከኋላቸው ነገሩን ሊያበርዱ የተከተሏቸው ሼኩ ወረዱ። ሐጂ መጀመሪያ ያዩት ጃንጥላ ሥር ነጭ ኮት ለብሶ የተቀመጠውን ደምሌን ነው። "ልጄን የምሰጠው ለዚህ ነው?" አሉ።

ሳሊም ከኮፈኑ ሥር ወጣ። ሸሚዙም እጁም ጥላሸት መስሏል።

"ፀሐይ አዘቅዝቃለች" አሉ ሐጂ። "ልብስሽን አውልቂ ብላት፣ ሳሊም የቀረው መኪና ተበላሽቶበት ነው ብላ መኪናዬ ውስጥ ገብታ አልወርድም አለች። እንደማትመጣ በዓይኗ አይታ ተስፋ እንድትቆርጥ ነው ያመጣኋት።"

ኢክላስ ግን ከአባቷ መኪና ወርዳ፣ ቬሏን ሰብስባ፣ ማንንም ሳታናግር ሄዳ የሳዳም ፒካፕ ጋቢና ውስጥ ገባች። በሩንም ዘጋችው።

"ነይ ውረጂ" አሉ ሐጂ።

"አልወርድም። የመጣሁት ከእሱ ጋር ልሄድ ነው።"

"ኒካህ ሳይታሰር ከእሱ ጋር በአንድ መኪና አይቻልም።"

"እንግዲያው ይታሰር። ሼኩ እኮ እዚህ ናቸው" አለች በመስኮቱ።

ሐጂ ወደ ሼኩ ዞሩ። ሼኩ ጢማቸውን እየዳሰሱ ልጅቷ ያለችው ልክ መሆኑን ተናገሩ። ምስክር ሳዳምና የሐጂ ሹፌር ሆኑ። ደምሌ እኔም ልቁጠር ብሎ ትንሽ ተከራከረ፤ አርፈህ ተቀመጥ ተባለ። ሼኩ ኢክላስን ፈቅደሻል ወይ ብለው ሲጠይቋት "አዎ" ያለችው ማዶ ድረስ ተሰማ።

አባትና ሙሽራ መጨባበጥ አለባቸው። ሳሊም እጁን አየና ወደ ኋላው ደበቀው። ሐጂ ራሳቸው ስበው አወጡት፤ ጨበጡት፤ ሼኩ ነጭ ጨርቅ አለበሱበት። ሐጂ ልጃቸውን ሰጡ፣ ሳሊምም ተቀበልኩ አለ።

ጨርቁ ሲነሳ የሐጂ መዳፍ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ነበር። ደምሌ ሶፍት ይዞ ሮጠ። ሐጂ ጣቶቻቸውን አጥፈው እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ተወው፣ አይጠረግ" አሉት። "እናቷን ልጄን ጉድ ሠራት እያለች ስታለቅስ ነው የተውኳት። የት እንደነበረ ሄጄ ላሳያት።"